የተዛወረው ጥድ

መምህር ወንዳፈረው የተከለውን ትቶ መጠበቅ የሚችል ሰው ነው፤ ባለቤቱ አባይነሽ ደግሞ የተከለችውን ደጋግማ ካልነካካች እጇ አያርፍም። እሱ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ሆሳዕና ከተማ የቀረ፣ እስከ ጡረታው ከጠመኔ በቀር ሌላ ነገር ያልጨበጠ። እሷ እዚያው አቅራቢያ ያለችው የሞርሲቶ ገበሬ ልጅ፣ እንሰቷን መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ የሚያይላት።

ጡረታ እንደ ወጣ ወንዳፈረው ከግቢው በር አጠገብ አንድ የፈረንጅ ጥድ ተከለ። ልጃቸው ሳባ «አዲስ አበባ ከእኔ ጋር ኑሩ» እያለች በወተወተች ቁጥር «ጥዴን ለማን ጥዬ?» ይላታል። አባይነሽ ከጓሮዋ መለየትን አጥብቃ ትፈራ ነበርና ይህን መልስ ትወደዋለች። እየዋለ እያደረም ባሏን ሆሳዕና ላይ ያቆየው ያ ዛፍ ብቻ መሰላት።

ጥዱ ግን አላድግ አለ።

«መምህር፣ ይህ ልጅህ ቀንጭሯል» ትለዋለች።

«ሥር እየሰደደ ነው፤ ተዪው።»

በበልግ መግቢያ ወንዳፈረው ዓይኑን ሊታከም አዲስ አበባ ሄደ። ሳባ ደውላ «እማዬ፣ አባዬን እዚህ ተስማምቶታል፤ ለምን አይቀርም?» ስትል የአባይነሽ ልብ ተሸበረ። ጥዱን አምሮበት ካገኘው ዳግመኛ አይሄድም ብላ አሰበች። እንሰት እንዲወፍር ይነቀላል፣ ሥሩ ይመለመላል፣ ለም ቦታ ይዛወራል፤ ከእናቷ የተማረችው እንዲህ ነው። ጥዱንም ነቀለችው፤ ሥሩን በቢላ አሳጠረችው፤ ከእንሰቶቿ መካከል ተክላ እበት ከመረችበት።

ወንዳፈረው ሲመለስ እጁን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችው። ጥዱ ገና አረንጓዴ ነበር።

«ሥሩን ቆረጥሽው?»

«እንዴታ። ሳይቆረጥ በምን አቅሙ ይወፍራል?»

በተቆፈረው አፈር ላይ ጎንበስ አለና «ቦታው ጥሩ ነው» አላት።

ዝናቡ ዘግይቶ ስለነበር በየማለዳው በጆግ ውሃ ያጠጣው ጀመር። አባይነሽ በመስኮት እያየችው ደስ ይላት ነበር።

ለፋሲካ ጥቂት ሲቀር ቅርንጫፉን ብትዳብሰው መርፌ የመሰለው ቅጠል እፍኝ ሙሉ ረገፈባት። ግንዱን በጥፍሯ ፋቀችው፤ ውስጡ ደርቋል። ባሏ ጆጉን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል።

«እንደማይጸድቅ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ታጠጣዋለህ?»

«አንቺ በመስኮት ታዪኝ ነበራ።»

አባይነሽ የረገፈውን ከእጇ ማራገፍ አቃታት። «እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው የነቀልኩት።»

«አባይነሽ፣ እኔ እዚህ የቀረሁት ለጥድ ብዬ ይመስልሻል?»

የአዲስ አበባው የዓይን ሐኪም በየወሩ ና እንዳለው፣ በአውቶቡስ መንገላታቱም እንደሚከብደው ታውቃለች። እሱ ግን አንድም ቀን «እንሂድ» ብሏት አያውቅም። ለዛፍ የሰጠችው ምስጋና ሁሉ የዚህ ሰው ነበር። ጥዱ ቢጸድቅ ኖሮ ይህን ሳታውቅ ትኖር እንደነበር ስታስብ ይበልጥ አንገበገባት።

የፋሲካ ዕለት ሳባም፣ የአባይነሽ ወንድም ሆሴዕም በማዕዱ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ሳባ እንደ ልማዷ «አባዬ፣ ዘንድሮስ?» ስትል ወንዳፈረው ፈገግ ብሎ ሊመልስ አፉን ከፈተ። አባይነሽ እጇን ክንዱ ላይ አሳርፋ ቀደመችው።

«ሆሴዕ፣ ከሰኔ ጀምሮ እንሰቱን አንተ ትይዘዋለህ። ሳባ፣ ቤትሽን አዘጋጂ፤ ከአባትሽ ጋር እመጣለሁ።»