የቶማ በሬ ቀለም

በዚያ ዓመት በልጉ ዘገየ። ስኳር ድንቹ ሥር ሳይይዝ ደረቀ፤ በቆሎው ጉልበት ሳያልፍ ቢጫ ሆነ። ከበዴሳ የሚመጣው እህል ቀነሰ። ከዚያ ክረምቱ ያለ ልክ ዘነበ። ሰው ቤት መሥራት አቆመ፤ አናጢ ሥራ ፈታ። የእኔም ሁለቱ ዓይኖቼ ጭጋግ ለበሱ።

ሠዓሊ ነኝ። ድሮ ሶዶ ውስጥ የሱቅ ታፔላ እጽፍ ነበር። አሁን በቀን አንድ ሥዕል በዘይት ቀለም እሠራለሁ። ከእሑድና ከበዓል በቀር አላቋርጥም። ፀሐይ ግቢዬ ሳትገባ እጀምራለሁ፤ ጥላው ቦታ ሲቀይር አቆማለሁ። ያላለቀው እንዳላለቀ ይቀራል። የተልባ ዘይቱን እስኪወፍር በጠርሙስ ፀሐይ ላይ አቆየዋለሁ። ብሩሾቼን ቀለም በሚያሟሟው አኳራጅ ካጠብኩ በኋላ መዳፌ ላይ በሳሙና አሻቸዋለሁ፤ አረፋው ነጭ ካልሆነ አልተዋቸውም።

የምሥልበት ሰሌዳ ኮምፔልሳቶ ጣውላ ነው። ስቱኮ ቀብቼ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ። ቁርጥራጩን የሚሰጠኝ ጎረቤቴ ቶማ ነው፤ አናጢው። ዋጋ ጠይቆኝ አያውቅም። መጀመሪያ ሲሰጠኝ፣ «አንድ ቀን በሬዬን ይሥሉልኛል» አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩ።

ቶማ በየዓመቱ ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ በሬ ያደልባል። በየዓመቱም በሬው ሳይሣል ይታረዳል። አንዱ አልቆም አለ። አንዱን ከቀኑ ቀድመው አረዱት። አንዱን ስጀምር ነጭ ቀለም አለቀብኝ፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣልኝ በሬው ሥጋ ሆነ። በዚያ ዓመት ግን ቶማ መጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ አላደልብም። መኖ የለም። ጉልበቱም የለም። ይሄ የመጨረሻው ነው» አለ።

ይህ ካለፈ ዕዳዬን የምከፍልበት ሌላ በሬ የለም ማለት ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ኦቶና ሆስፒታል ሄጄ የቀኝ ዓይኔን ሞራ አውጥተውልኝ ነበር። የግራው ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ። ፋሻው ሲነሣ ደስ አለኝ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ተደበላለቀብኝ። በአዲሱ ዓይን ግድግዳው ነጭ ነው፤ በአሮጌው ሻይ የተደፋበት ይመስላል። የሰቀልኳቸውን ሥዕሎች አየሁ። የዳሞታን ተራራ ጥላ እንደ ደብተር ሽፋን ሰማያዊ አድርጌዋለሁ። ማን ሠራው? እኔ ነኝ፤ ከሥሩ ያለው ጽሕፈት የእኔ ነው። ሰው ገዝቶ የወሰዳቸውስ? አንድም የተናገረ አልነበረም። አላዩም? ወይስ የሚዋሸው አዲሱ ዓይን ነው? ማንን እንደምጠይቅ አላወቅሁም። ዓይንን የሚጠይቁት በዓይን ነው።

የጊፋታ ሳምንት ገባ። ሰሌዳዬን ይዤ ቶማ ግቢ ሄድኩ። ሐኪሙ ጎንበስ እንዳልል ስላዘዘኝ ሰሌዳውን ከአጥሩ ጋር ከፍ አድርጌ አሰርኩት። በሬው ከእንሰቱ ሥር ታስሯል፤ ትልቅ፣ ግንባሩ ቦቃ። የቶማ ሚስት አስካለች ድንች ትልጣለች።

መጀመሪያ እንደ ልማዴ በሁለቱም ዓይን ሠራሁ። ቶማ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

«ይሄ የማን በሬ ነው?»

«የእኛው ነው፤ ታሞ ነው እንጂ» አለች አስካለች።

ቀለሙን በቀለም ቢላዋዬ ፍቄ ጣልኩት። በማግስቱ ግራ ዓይኔን በመሐረብ አስሬ በአዲሱ ብቻ ሠራሁ። በሬው ቀላ፤ ሆዱ ሥር ወይን ጠጅ የሚመስል ነገር አየሁ። ያየሁትን አደረግሁ።

አስካለች ድንቹን ትታ መጣች። «ውይ! ትናንት ታመመ፣ ዛሬ ደግሞ ሊፕስቲክ ተቀባ?»

«ቀይ እኮ ነው በሬው» አለ ቶማ።

«የት አየኸው ቀይ? ዳማ ነው።»

«ስገዛው ቀይ ነው ተብዬ ነው የገዛሁት።»

«ታዲያ ሸጠልህ እንጂ መች አሳየህ።»

ሁለቱ ደህና ዓይን ይዘው ሲከራከሩ ሰማሁ። የባሰ ተምታታብኝ። ያንንም ፍቄ ጣልኩት። በማግስቱ በሬው ይታረዳል።

በማለዳ ስመለስ አንድ ጎረቤት ለእርዱ ቢላ እየሳለ ነበር። የማደርገውን አላውቅም ነበር። ድሮ ታፔላ ስጠግን የማደርገው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አዲሱን ቀለም በቢላዋ ጫፍ አድርጌ አሮጌው ላይ እለጥፍ ነበር። ከአሮጌው ጋር ተመሳስሎ ከጠፋ ልክ ነው፤ ከታየ ይጎድለዋል። በሬው ዘንድ ሄጄ ቀለሙን ጎኑ ላይ ለጠፍኩት። ታየ። ጥቂት ቢጫ ጨመርኩ፤ አሁንም ታየ። ጥቂት ጥቁር ጨመርኩ። ጠፋ።

ግራ ዓይኔን ሸፈንኩ፤ ጠፍቷል። ቀኙን ሸፈንኩ፤ ያም ጠፍቷል። በአንዱ ቀይ በሬ ላይ ቀይ ቀለም፣ በሌላው ቡናማ በሬ ላይ ቡናማ ቀለም። ሁለቱ ዓይኖቼ በግድግዳው የተጣሉ፣ በተራራው የተጣሉ፣ እዚህ ላይ ተስማሙ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ቆሜ አሰብኩ፤ አሁንም አልገባኝም።

«ጋሼ፣» አለ ቶማ፣ «በሬውን ነው የሚቀቡት ሰሌዳውን?»

«ያዝልኝ።»

ቀንዱን ያዘልኝ። ጀርባው ላይ ለጠፍኩ፣ ሆዱ ሥር ለጠፍኩ፣ አንገቱ እጥፋት ላይ ለጠፍኩ። የጠፋውን ብቻ ወደ ሰሌዳው ወሰድኩ። በሬው ጭራውን ሲያወናጭፍ ፊቴን መታኝ።

«ቆዳውን የሚገዛን የለም አሁን» አለች አስካለች። «ሥጋውም አኳራጅ አኳራጅ እንዳይል!»

የሚያርዱት ሰዎች መጡ። ጥላው ሲዞር ብሩሹን አስቀመጥኩ። ኮቴው አላለቀም። የሠራሁትን በአንዱ ዓይን አየሁት፣ በሌላው አየሁት። ሁለት በሬ ነው። የትኛውን እንደሣልኩ አላውቅም።

ቶማ ሰሌዳውን ከአጥሩ ፈትቶ በሬው ጎን ያዘው። አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ በሬውን አየ። አስካለችም እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ቀይ ነው ያለ የለም፤ ዳማ ነው ያለም የለም።

«በየትኛው ዓይንዎ ነው የሣሉት?» አለ ቶማ።

«አላውቅም።»

«ኮቴ የለውም።»

«ቀኑ አለቀ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ይሁን። ከእንግዲህ ዕዳ የለብዎትም፣ ጋሼ።»

ቀለሙ እርጥብ ስለሆነ ሰሌዳውን በጠርዙ ይዞ ወደ ቤት ገባ። ሰዎቹ የበሬውን ገመድ ፈቱ።