የኛዋ ወይን

ጋውደንዚዮ የሞተው ሐሙስ፣ ማርች 12 ቀን 2009፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር፤ ወይን መግረዣ መቀሱን እንደያዘ፣ ከተክሉ ሥር ቁጭ ብሎ። ሚስቱ ኤርሲሊያ ካፖርቱን ይዛለት ስትወጣ ያረፈ መስሏት፣ “ብርድ ላይ ተቀምጠህ ማታ ደግሞ ወገቤን ልትለኝ ነው?” ብላ ተቆጣችው። መሞቱን ያወቀችው ካፖርቱን ትከሻው ላይ ስትደርብለት ነው።

የሰሜን ጣሊያኗ መንደር የሮቫስካ ሰዎች የሚኮሩት በአንድ ነገር ነው። ነቢዮሎና ቬስፖሊና የሚባሉትን ወይኖች ማንም ይተክላቸዋል፤ “የኛዋ” የሚሏት ጥቁር ወይን ግን ከሮቫስካ በቀር የትም የለችም። ከሴሲያ ወንዝ ማዶ የቶርናቬ ሰዎች “የቦይ ጥቁር” የሚሉት ወይን አላቸው፤ እሱ ግን፣ ሮቫስካዎች እንደሚሉት፣ ለሰላጣ ኮምጣጤ እንኳ አይሆንም። የኛዋን ሁሉም ሰው ከጋውደንዚዮ ማሳ ቅርንጫፍ እየለመነ ነው የተከላት። ሠላሳ ዓመት ሲያልፍ ግን የጥንት ሮማውያን የተከሏት ናት ይሉ ጀመር።

በቀብሩ ላይ ከንቲባው ኤቫዚዮ እንባውን እየጠረገ፣ “ወይኒቱ ከእንግዲህ ጋውደንዚና ትባላለች፤ በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይም ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይ ይሰቀላል” ብሎ ቃል ገባ። ኤርሲሊያና ጋውደንዚዮ ልጅ አልወለዱም። ስሙን የሚያስጠራለት ያ ድንጋይ ብቻ ነበር።

አዲሱ የወይኒቱ ስም እንዲመዘገብ ቅጠሏ ቱሪን ከተማ ወዳለ ቤተ ሙከራ ተልኮ ተመረመረ። በሴፕቴምበር፣ በወይን በዓሉ ቀን፣ አንዲት ተመራማሪ መጥታ አዳራሽ ለሞላው ሰው ውጤቱን ተናገረች።

“የእናንተዋ ወይንና የቶርናቬው የቦይ ጥቁር አንድ ናቸው።”

አዳራሹ ተናወጠ።

“ሰረቁን!” አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ክሌሊያ። “እኔ ድሮም ብያለሁ፣ የወንዝ ማዶ ሰው ባለበት በር ተከፍቶ አይታደርም!”

“እንከሳቸዋለን!” አለ ከንቲባው። “ክሱ እስኪያልቅ ግን ድንጋዩ ሳይሰቀል ይቆይ።”

ኤርሲሊያ ጥቁር ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ክስ እዚያ አገር ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቃለች። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ድንጋዩ ጭራሽ ሊቀር ይችላል። ጋውደንዚዮ ግን አንድም ቀን ደብቆት አያውቅም። ወይን በቀዳ ቁጥር፣ “ይቺ በኤርሲሊያ ብብት ሥር የመጣች ናት” ይል ነበር። ሰዉ ሚስቱን የሚያሞካሽ እየመሰለው ይስቅ ነበር።

ተነሣች።

“ማንም አልሰረቀም። እኔ ነኝ ያመጣኋት። በ1961 ሙሽራ ሆኜ ከቶርናቬ የሴሲያን ድልድይ ስሻገር አባቴ ቅርንጫፎቹን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ብብቴ ሥር አስያዘኝ። ሌላ የሚሰጠኝ አልነበረውም።”

“አንቺ የወንዝ ማዶዋ!” አለች ክሌሊያ። “ይሄን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አልሽ?”

“እሱ ሲነግራችሁ ኖሯል። ትስቁበት ነበር።”

ከንቲባው ግንባሩን ጠረገ፤ ከዚያ ፊቱ በራ።

“ሲኞራ ኤርሲሊያ፣ እርስዎ የማን ሚስት ነዎት?”

“የጋውደንዚዮ።”

“እሱስ የየት ሰው ነው?”

“የዚሁ።”

“በቃ! እንግዲያው እርስዎ የኛ ነዎት፤ የያዙትም የኛ ነው። ስለዚህ ወይኒቱ ገና ድልድዩን ሳትሻገርም የኛ ነበረች!”

ጭብጨባው መስኮቶቹን አንቀጠቀጠ። አንዱ ሽማግሌ አለቀሰ።

“ክሌሊያ፣” አለች ኤርሲሊያ፣ “ትናንት ዳቦ ልገዛ ስመጣ ‘መጀመሪያ የአገሩ ሰው ይስተናገድ’ ብለሽ ወደ ኋላ መለስሽኝ እኮ።”

“ውይ እህቴ፣ ያ ዳቦ ነው! ይሄ ወይን ነው!”

ኤርሲሊያ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ድንጋይ አየችው። የባሏ ስም ጥሩ ሆኖ ተቀርጿል። ከሥሩ “ጥንታዊት የሮቫስካ ወይን” ይላል።

“ስቀሉት” አለች።

ከሰዓት በኋላ ሰቀሉት። በተከታዩ ዓመት ማርች ላይ ኤርሲሊያ የባሏን መቀስ ይዛ ወጣች፤ መግረዙንም እሱ ካቆመበት ተክል ጀመረች። ዳቦ ቤት ዛሬም የሚጠሯት “የወንዝ ማዶዋ” እያሉ ነው።