ያልተለመደ

ከቡሬ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጭቃው ሲብስበት አውርዶኝ ተመለሰ። የቀረውን በእግሬ ኳተንኩ። ነርስ ነኝ። ለአንድ የጤና ጥናት መረጃ ልሰበስብ ከፍኖተ ሰላም ከወጣሁ ወዲህ ወገቤም እግሬም የኔ አይመስሉኝም። ሥራዬ ወጣት ሴቶችን ለብቻቸው አስቀምጬ፣ ስለ ማህፀን ኢንፌክሽን ከታብሌት ላይ እያነበብኩ መጠየቅ ነው። ምልክት አለብኝ ላለች ጤና ጣቢያ በነፃ የምትታከምበትን ወረቀት እሰጣለሁ፤ የለብኝም ያለችን አመስግኜ እነሳለሁ። እስካሁን ሥራዬ ማመስገን ብቻ ሆኗል። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ አለ።

የዕለቱ የመጨረሻዋ ልጅ ያምሮት ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በአሥራ አራት ተድራ፣ ትዳሯ ፈርሶ እናቷ ቤት ተመልሳለች። እናቷን ወይዘሮ ሀብትነሽን አስፈቀድኩና በቆሎው ማሳ ዳር ከወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥን።

አለቃችን ክንዱ "ቃል በቃል አንብቡ፤ ካብራራችሁ መልሱ ይበላሻል" እያለ ጆሯችንን አደንቁሮታል። እንዳለው አነበብኩ።

"ባለፉት ወራት ያልተለመደ ፈሳሽ ከማህፀንሽ ወጥቶ ያውቃል?"

"ኧረ የለም።"

"ያልተለመደ የሆድ ሕመምስ?"

"የለም።"

ሰማዩ ጠቁሮ ሊዘንብ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ የለም ለምትል ልጅ ጥያቄው ቶሎ ያልቃል። አመስግኜ ታብሌቱን ዘጋሁ።

ያምሮት ልትሸኘኝ ስትነሳ ከእምብርቷ በታች በመዳፏ ደግፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች።

"ምነው? ያምሻል እንዴ?"

"ያመኛል እንጅ። ሲያመኝ ነው እምኖር።"

"ፈሳሽስ?"

አንገቷን ደፋች። "አለ። ሽታው ነው እሚያሳፍረኝ።"

ደሜ ፈላ። "ታዲያ አሁን ስጠይቅሽ የለም አላልሽኝም? መቀለጃሽ ነኝ?"

"አልቀለድሁም እትየ" አለች እንባዋ እየመጣ። "እርስዎ ያልተለመደ አሉኝ። እኔ ከተዳርሁ ጀምሮ ለምጀዋለሁ።"

ተመልሼ ግንዱ ላይ ቁጭ አልኩ። በእሷ ላይ መጮኼ አሳፈረኝ። ከቡሬ እስከዚህ "የለም" ያሉኝ ልጆች ሁሉ ፊት መጣብኝ። ስንቷ ለምዳው ይሆን?

ክንዱ ጋ ደወልኩ። የሆነውን ስነግረው፣ "ጥያቄው እኮ ባለሙያዎች ያዩት ነው" አለኝ።

"ባለሙያዎቹ አልለመዱትማ!"

"ፀደንያ፣ ደክሞሻል መሰለኝ።"

"ደክሞኛል። ነገ ግን ወደኋላ ተመልሼ፣ ያለፍኳቸውን ቤቶች እንደገና እዞራለሁ" አልኩና ዘጋሁት። እንዴት እንደምዞራቸው እግዜር ይወቅ።

ለያምሮት ወረቀቱን ጽፌ ሰጠኋት።

"ይድናል እንዴ?" አለችኝ፣ ማመን እያቃታት።

"በመድኃኒት የሚድን ነው። ነገውኑ ሂጂ።"

"እናቴ የሴት ወግ ነው፣ ቻይው ብላኝ ነበር።"

ወይዘሮ ሀብትነሽ ከአጥሩ በር ቆመው ይጠብቁን ነበር። ነገ ልጅቱ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባት ስነግራቸው እምቢ ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላሉም። ወረቀቱን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው እንደማያነቡት እያወቁ ላይ ታች አዩት። ከዚያ ልጅቱን ጥጃውን እንድታስገባ ላኳት። እሷ እስክትርቅ ጠብቀው ወደ ጆሮዬ ቀረቡ።

"እታለም፣ ይች ወረቀት ላንድ ሰው ብቻ ናት?"

ጥናቱ ዕድሜዋ ከሃያ አራት ዓመት በላይ የሆነችን ሴት አይቀበልም። ሌላ ወረቀት አወጣሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?"

"ከተዳርሁ ጀምሮ ነዋ" አሉኝ፣ በጥያቄዬ ተገርመው።