የቀማሽ ምሳ

አብሳይ ሁልጊዜ ጠግቦ ያድራል ይባላል። ይህን ወሬ ያስወራው ምድጃ አጠገብ ቆሞ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። የልብስ ፋብሪካው አብሳይ፣ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ልክ» የሚላት ሴትዮ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሳህን ይዛ ተቀምጣ ምሳ በልታ አታውቅም። ስሙን ያወጡላት የስፌት ክፍል ልጆች ናቸው። ድስቱን ከፍታ፣ በማንኪያ ጨለፍ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቀምሳ «ልክ ነው» ካላለች አንዲት ጭልፋ ከኩሽናው አትወጣም። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ርቦት ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ፍርዷን ይጠብቃል። ደሞዙን የሚከፍለው እሱ ቢሆንም ድስቱ የእሷ መሆኑን ያውቃል።

ስኳር እንዳለባት የታወቀው ባለፈው ዓመት ነው። ስኳር እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ አያስጮህ፣ አልጋ ላይ አይጥል፣ ስለዚህ ሰው ይንቀዋል። እሷ ግን አልናቀችውም። ክኒን ዋጪ ተባለች፣ ዋጠች። ከሻይሽ ስኳር አውጪ ተባለች፣ አወጣች። ዳቦ ቀንሺ ተባለች፣ ቀነሰች። ይህን ሁሉ አድርጋም ደሟ በተመረመረ ቁጥር ስኳሩ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አልል አለ።

«እናቴ፣ እንግዲህ እውነቱን ይንገሩኝ» አለቻት የጤና ጣቢያዋ ነርስ። «ምን ይበላሉ?»

«ጠዋት ሻይ፣ ያለ ስኳር።»

«ምሳስ?»

«ምሳ አልበላም።»

«እራት?»

«ግማሽ ዳቦ። አንዳንዴ እሱንም እተወዋለሁ።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ግን በቀን ስንት ሰው «ምንም አልበላም» እያለ እንደሚዋሻት የምታውቀው እሷ ናት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች ቀስ ብላ። «በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን፣ ኢንሱሊን። መርፌው ደግሞ አንዳንዴ ስኳሩን ከመጠን በላይ ይጥለዋል። ያኔ አጠገብዎ የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት። ቤት ውስጥ አብሮዎት ማን አለ?»

እትዬ ልክ ግድግዳውን አየች። «ማንም» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣ አላት።

«ወንድም አለኝ» አለች።

ወንድም እንኳ አላት፤ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው እንጂ። ከታመመች ወዲህ እሁድ እሁድ እየደወለ «እታለም፣ ነይ እኛ ጋ ኑሪ፣ ክፍል አዘጋጅተንልሻል» ይላታል። እሷም እሁድ እሁድ እምቢ ትለዋለች። አንድ ጊዜ ሄዳ ሳምንት ሰንብታ አይታዋለች። የወንድሟ ሚስት ደግ ናት፣ ደግነቷ ግን እንደ ጠባብ ጫማ ነው። «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ቁጭ በይ» እያለች ድስት አላስነካቻትም። እትዬ ልክ ሳምንቱን ሙሉ ሶፋ ላይ እጇን አጣጥፋ፣ የሰው ሽንኩርት ሲያር እያሸተተች፣ ምላሷን ነክሳ ከረመች። የእሷ ቤት አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ኩሽና ብቻ ቢሆንም ቁልፉ በእጇ ነው። መርፌው ከመጣ ቤቱም ይቀራል፣ የፋብሪካው ምድጃም ይቀራል፣ ቀሪ ዕድሜዋም ያ ሶፋ ላይ ያልፋል። ስለዚህ ስኳሩ የግድ መውረድ ነበረበት።

መላውን ብዙ አላሰበችበትም። ግማሿን ዳቦም ተወቻት። ነርሷ ክኒኑ ከምግብ ጋር ነው ማለቷን በደንብ ሰምታለች፤ ሆኖም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ በባዶ ሆዷ እየዋጠች ሥራ ትገባ ጀመር። ሆዷ ሲጮህ ደስ ይላታል፤ ስኳሩ እየለቀቀ የሚሄድ ይመስላታል።

አንድ ቀን ታዲያ የኩሽናው ጋዝ አለቀ። አዲሱ ሲሊንደር እስኪመጣ ረፋዱ አለፈ፤ ሻይም አልፈላ፣ ድስትም አልተጣደ። እትዬ ልክ ሽንኩርት ስትከትፍ ቆይታ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላብ በላብ ሆነች። ቢላዋውን እንዴት እንዳስቀመጠችው ሳታውቅ ጉልበቷ ከዳትና የድንች ከረጢት ላይ ዘጭ አለች።

መጀመሪያ ያየቻት ሳህን አጣቢዋ ናት። ይህች ሴት ጀርባዋን ለኩሽናው ሰጥታ ከውሃ ገንዳው ጋር የምትውል፣ ቃል ከአፏ በጉጠት ተጎትቶ የሚወጣ ዓይነት ሰው ናት። ስኳር በብርጭቆ ውሃ በጥብጣ አመጣች።

«ጠጪ።»

«ስኳር አይሆነኝም።»

«ጠጪ አልኩሽ፣ እትዬ። እናቴንም ስኳሯ ሲወርድ እንዲህ ያደርጋት ነበር።»

ጠጣች። ጥቂት ቆይቶ ዓይኗ ጠራላት፣ ላቧም ቀዘቀዘ። ሳህን አጣቢዋ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ትጠብቃለች።

«ዛሬ ምን በላሽ?»

«ምንም። እኔ መች እበላለሁ።»

ሳህን አጣቢዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እንዳትቀየሚኝና፣ ታዲያ በዚያ ሁሉ ማንኪያ የሚበላው ማነው?»

«በየትኛው ማንኪያ?»

«በምታቆሽሺው ነዋ። የቀመስሽበትን ማንኪያ መልሰሽ ድስት ውስጥ አትከቺም። ደግ ነው፣ ንጽሕና ነው። ግን ምሳ ሳይወጣ ገንዳዬ በአንቺ ማንኪያ ይሞላል። አንዱ ሩዝ የነካ፣ አንዱ ስጎ የነካ፣ አንዱ ድንች። የሻዩንማ በብርጭቆ ነው የምትቀምሺው። አርብ አርብ በወተትና በስኳር የምትቀቅይው ሩዝ ሲሆን ማንኪያውም አይበቃሽ፣ ጭልፋውን ነው የማጥበው። ዛሬ ጋዝ ጠፋ፣ ማንኪያም የለ፣ ይኸው ወደቅሽ።»

«እሱ እኮ መቅመስ ነው።»

«መቅመስ ቀኑን ሙሉ ሲውል መብላት አይደል እንዴ?»

እትዬ ልክ ልትቆጣ አሰበች፣ ግን በሐሳቧ ማንኪያዎቹን መቁጠር ጀመረች። በዚህ ሙያ ያረጀ ሰው ሁሉ የቀመሰውን እንደበላ አይቆጥረውም። ለእሱ ሥራ ነው፤ መዶሻ ማንሳት ለአናጢ ምግብ እንዳልሆነ ሁሉ። ለሠራተኛው የሚፈላው ሻይ ስኳሩ መድረሱን ለማወቅ ግማሽ ብርጭቆ ትጠጣለች። ሩዙ መብሰሉን፣ ፓስታው አለመላሸቁን፣ ዳቦው አለማደሩን በአፏ ታረጋግጣለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ነርሷን ግን አልዋሸቻትም፤ ከነርሷ በፊት የዋሸችው ራሷን ነው።

የዚያኑ ቀን ወደ ቤት ስትሄድ ጤና ጣቢያው ጎራ አለች። «ልጄ፣ አልዋሸሁሽም፣ ግን ስበላ ኖሬአለሁ» ብላ ማንኪያውን ሁሉ ነገረቻት። ነርሷ እስኪደክማት ሳቀች፤ ቀጥላም ይቅርታ ጠየቀቻት። ከዚያ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ክብ ሠርታ አሳየቻት። ግማሹ ቅጠላ ቅጠል፣ ሩቡ ምስር ወይም እንቁላል፣ ሩቡ ሩዝ ወይም ድንች።

«ሲርብዎት ሙዝም ቢሆን ግማሹን፣ ወይ ጥቂት ለውዝ። አይጹሙ። ድስቱን ሌላ ሰው ይቅመስ። እርስዎ ሳህን ይዘው፣ ተቀምጠው ይብሉ።»

«ተቀምጬ?»

«ተቀምጠው።»

ከምክሩ ሁሉ ይህ የከበዳት መሆኑን ነርሷ በምን ታውቃለች። ባሏ በሕይወት ሳለ እራት ላይ ከሳህኗ ድንች ይሰርቃት ነበር። የራሱ ሳህን ሙሉ ሆኖ ከእሷ ነበር የሚወስደው፤ እሷም እጁን በሹካ ጀርባ ትመታዋለች። ከሞተ በኋላ መጀመሪያ በተቀመጠችበት እራት ድንቾቹ ማንም ሳይነካቸው ሳህኑ ላይ ቀሩ። አለቀሰች፤ ሳህኑን አንስታ ከዚያ ወዲህ ዳቦዋን መስኮት ጋ ቆማ መግመጥ ጀመረች። ቆሞ የሚቀምስ ሰው ብቻውን አይደለም፣ ሥራ ላይ ነው። ሳህን ይዞ የተቀመጠ ሰው ግን ከፊቱ ማን እንደሌለ ያያል።

በማግስቱ ማንኪያውን ለሳህን አጣቢዋ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ቀምሳ የምትሰጠው ፍርድ አንድ ነው፣ «ይበላል»። ጨው ቢያንስም ይበላል፣ ቢበዛም ይበላል። የስፌት ክፍል ልጆች ተያዩ፤ ደፍሮ የተናገረ ግን የለም። እትዬ ልክ ድስቱን እያሸተተች፣ እጇን ሽርጧ ኪስ ከታ ቆመች። የቀረባት ጣዕሙ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ፋብሪካ ሰው ዝም ብሎ የሚሰማት ቀምሳ ስትፈርድ ብቻ ነበር።

ምሳ ሲወጣ ሳህኗን ሞልታ፣ ጎመንና ካሮቱን ግማሽ አድርጋ፣ ወደ መመገቢያ አዳራሹ ገባች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሠራተኛው ሳህን ለመፈተሽ የመጣች መስሎታል። «እትዬ፣ በጣም ይጣፍጣል» አለ አንዱ ማንም ሳይጠይቀው። ጎመኑን ጥግ ያስያዙት ሁሉ ጎመን ማኘክ ጀመሩ። አንዲት ልጅ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላትና የራሷን ሳህን ይዛ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች። የቀሩትም ልጅቷን ተከትለው ተነሡ። አክብረዋት ነው፤ ክብራቸው ግን ጠረጴዛውን ባዶ አደረገው። እትዬ ልክ አራት ወንበር ከፊቷ አድርጋ ምስሯን በላች።

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። ይህን ያለው ሰው ስስታሙን እየወቀሰ ነው፤ አብሮት የሚበላ ያጣውን አላሰበውም። ያጣውም ቢሆን መብላት አለበት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ምሳውን አዳራሽ ትበላለች፤ ሰውም ለመደና ጸጥታው ቀረ፣ ጠረጴዛው ግን የእትዬ ልክ ጠረጴዛ ተባለና ማንም አይቀመጥበትም። ጠዋት አንድ የተቀቀለ እንቁላልና ቁራሽ ጥቁር ዳቦ በልታ ክኒኗን ትውጣለች። ማታ ሾርባዋን ይዛ ትቀመጣለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንኪያውን አንስታ መልሳ ታስቀምጠው ነበር። አንዳንድ ማታ ሾርባው ቀዝቅዞ ታሞቀዋለች፤ ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ቢሆንም ትጨርሰዋለች፤ ሶፋው ትዝ ይላታላ።

ቀጠሮው ደረሰ። ነርሷ ውጤቱን አይታ ፊቷ በራ።

«ወርዷል፣ እናቴ። በጣም ወርዷል። መርፌው ቀርቷል። እንግዲህ ብቻዎን መኖር ይችላሉ።»

ነርሷ ይህን የተናገረችው እንደ ምርቃት ነው። እትዬ ልክም እንደ ምርቃት ተቀበለችው። ወደ ቤቷ ስትሄድ እርምጃዋ ቀሎላት ነበር፤ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ መንገዱን ሙሉ በእጇ ይዛው ሄደች። ቤት እንደገባች እሁድን ሳትጠብቅ ለወንድሟ ደወለች።

«እታለም፣ ምነው፣ ደህና አይደለሽም?»

«ደህና ነኝ። ስኳሩ ወረደ። መርፌው ቀረ።»

ወንድሟ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ስልኩ ውስጥ የተሰማት ትንፋሽ የደስታ ነበር፣ ሸክም ያወረደ ሰው ትንፋሽም ነበር፤ ሁለቱን ለመለየት የእሷ ዓይነት ምላስ አያስፈልግም።

«ተመስገን። ካሳሰበን ሐሳብ ገላገልሽን» አለ። «እንግዲያው ያቺን ክፍል ለልጆቹ እንልቀቅላቸው። እየተጨቃጨቁ አስቸግረውን ነበር፤ የአክስታችሁ ናት እያልን ነው የያዝናት።»

«ልቀቁላቸው።»

«አይ፣ አንቺ ከፈለግሽ ግን...»

«ልጆች ናቸው፣ ወንድሜ። ልቀቁላቸው።»

ሚስቱ ከኋላ «ሰላም በልልኝ» ስትል ተሰማ። እሱም ሰላም ብላሻለች አለና ተሰነባበቱ።

እሁድ መጣ። እትዬ ልክ ጎመኗን ከትፋ፣ እንቁላሏንና ጥቂት ሩዝ ቀቅላ፣ እንደ ወትሮው የእምቢታ ቃሏን ሳታውቀው በአፏ እያዘጋጀች ቆየች። ስልኩ አልጮኸም። ከታመመች ወዲህ ሳይደውል የቀረበት እሁድ አልነበረም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚያሳስበው ነገር አልቋል፣ የሚለምናትም ነገር የለውም። ወንበሯን ስባ ስትቀመጥ ነገሩ ገባት። እምቢ የምትለው ሰው ነበራት፤ እምቢ ባለች ቁጥርም አንድ ሰው ነይ ብሏት ነበር። አሁን ቤቷ የእሷ ነው፣ ምድጃዋም የእሷ ነው፣ ነይ የሚላት ግን የለም።

ክኒኑ ከምግብ ጋር ነው። ስልኩን ሳህኗ አጠገብ አደረገችና ጎመኑን ሳይቀዘቅዝ በላች፣ ቀጥላ እንቁላሉን፣ ቀጥላ ሩዙን፣ ምንም ሳታስቀር።