የፍስክ ድስት

ሰው በማያውቀው ነገር ቢድን ማንን ያመሰግናል? ይህን ጥያቄ ለራሴ ካቀረብኩ ዓመት አለፈ፤ ዛሬም መልስ የለኝም።

ከህንድ ስመለስ ፀጉሬ በግማሽ አልቆ ነበር። ፑኔ ከተማ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ። መጀመሪያ ሥጋ የተውኩት የተማሪዎቹ ማደሪያ ስለማያበስል ነው። በኋላ ግን አምኜበት ቀጠልኩ፤ እንቁላሉንም ወተቱንም ተውኩ። ያን ጊዜ የማልጠራጠረው ነገር አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን እጠራጠራለሁ፣ በሐኪም እጠራጠራለሁ፣ ወደ ሞያሌ መመለሴ ልክ መሆኑንም በየሳምንቱ እጠራጠራለሁ። ሳህኔን ብቻ አመንኩት።

እናቴ የሺ በኬንያው ሞያሌ፣ አውቶቡሶቹ ከሚቆሙበት ሜዳ ፊት ለፊት ምግብ ቤት አላት። የመጣሁ ዕለት ሻሼን ገፍፋ አናቴን አየችና ሻሹን እንደያዘች ቀረች።

"የተነጨች ዶሮ መስለሻል እኮ! ምን አድርገውሽ ነው?"

"ውሃው ነው እማዬ። የፑኔ ውሃ ጨው አለው።"

"የኛ ጉድጓድ ስኳር ያለበት መሰለሽ? ሥጋ ብዪ።"

"አልበላም።"

"ዛሬ ጾም አይደለም።"

"አውቃለሁ። ጾም ስለሆነ አይደለም።"

"በፍስክ የሚጾም ሰው ዛሬ ገና አየሁ" አለችና ሻሹን መለሰችልኝ።

ክርክሩ ዓመት የሚፈጅ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን የምበላውን በወረቀት ጽፌ ስሰጣት ያለ ተቃውሞ ተቀበለችኝ። ሽሮ፣ ምስር፣ ሰሊጥ፣ ሱኩማ የሚሉት የኬንያ ጎመን፣ በቀን አንድ ሎሚ። "ሽሮሽን እኔ ራሴ እሠራልሻለሁ፤ ለሠራተኛ አልተውም" አለች። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው። ሃምሳ ተሳፋሪ በአንድ ምሳ የምታስተናግድ ሴት ለአንድ ሳህን ሽሮ ጊዜ ከየት አመጣች?

በስድስተኛው ወር ግንባሬ ዙሪያ አጫጭር ፀጉር ብቅ አለ፤ ጎልቦ ሜዳ ላይ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ እንደሚወጣ ሣር። በየሳምንቱ በደብተር እመዘግብ ነበር፤ መጨረሻው ገጽ ላይ "በእጽዋት ብቻ ይቻላል" ብዬ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ረምዚያ ይህን ፀጉር ነው ያየችው። አብሮ አደጌ ናት፤ እዚያው ከተማ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። አባቷ ነጅመዲን ጨርቅ ይነግዳል፣ ጎልቦ ላይ ግመሎች አሉት። ከዓመት በፊት ታይፎይድ ይዟት ፀጉሯ ሳስቶ ቀርቷል።

"አንቺ ህንድ፣ ይሄ የራስሽ ነው ወይስ ከናይሮቢ የተጫነ?"

"ጎትቺው።"

ጎተተችው። "ወላሂ የራሷ ነው!" ብላ ሳቀች፤ ከዚያ በሩን ዘግታ የራሷን መሸፈኛ አወረደች። ከመሃል አናቷ ቆዳው ይታያል። "ከረመዳን በፊት ሰርጌ ነው። ጃቢር አምስት እህቶች አሉት። በሂናዬ ቀን አምስቱም ይህን ጭንቅላት ከበው ይቆማሉ። ቢስቁብኝ እችለው ነበር። የሚያዝኑልኝ እንደሆነስ?"

ወረቀቱን ገልብጬ ሰጠኋት። ሥጋም ወተትም እንድትተው ነገርኳት። ነጅመዲን ሲሰማ፣ "እኔ ግመል አረባለሁ፣ ልጄ እንደ ፍየል ቅጠል ትቀነጥባለች!" ብሎ ከልቡ ሳቀ። ግን አልከለከላትም። "መቅዲ የተማረች ናት" አለ።

በየቅዳሜው እኛ ጋ ምሳ ትበላለች። እኛ ቤት የሚታረደው በክርስቲያን ስም ስለሆነ ወትሮም ከሽሮና ከምስር ሌላ ነክታ አታውቅም። እናቴ ለሁለታችን በየሳህናችን ታቀርብልን ነበር። ረምዚያ አምስት ወር ሙሉ እንደ ወረቀቱ በላች። ፀጉሯ ግን መምጣቱ ቀርቶ ያለውም መሄድ ጀመረ።

"ታገሺ" እላታለሁ። "የኔም የመጣው በስድስተኛው ወር ነው፤ ደብተሬ ላይ አለ።"

የሐዋርያት ጾም በተፈታበት ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ እኛ መጣች። በሶፍት የጠቀለለችውን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው፤ ጭብጥ የሚሞላ ፀጉር ነበር።

"የዛሬ ጠዋቱ ብቻ ነው" አለች። ከንፈሯ ነጥቷል።

እናቴ ወደ ኢትዮጵያው ወገን ቤተ ክርስቲያን ተሻግራ አልተመለሰችም። "ዛሬ እኔ በእጄ እሠራልሻለሁ፣ ተቀመጪ" አልኳትና ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። እናቴ ሁልጊዜ የኔን ሽሮ የምታንተከትክበትን ጥቁር ድስት አውርጄ ከሰሉ ላይ ልጥደው ስል ወጥ ሠሪዋ ዋሪቱ ከኋላዬ ጮኸች።

"ኧረ መቅዲ ተዪው! ረቡዕ ነው ዛሬ!"

"ሽሮ እኮ ነው ዋሪቱ።"

"ድስቱ ነዋ! ይሄ የፍስክ ነው። የጾም ቀዩ ነው። እኔ ቦረና ሆኜ አውቃለሁ፣ አንቺ እንዴት አታውቂም?"

"እማዬ የኔን ሽሮ በዚህ አይደል እንዴ የምትሠራው?"

"ኤዬ፣ በዚህ። ረቡዕና አርብ ግን በቀዩ። በጾምም በቀዩ። ጉበቱ ከሌለበት ለምን በጥቁሩ..."

ቃሉን ሳትጨርስ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ሥጋ የነካው ድስት በጾም ቀን እሳት ላይ አይወጣም። በእኛ ቤት ይህን ሕግ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን ያንኑ ሽሮ ሁለት ድስት ሲፈራረቅበት ዓመት ሙሉ እያየሁ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ዋሪቱ አንገቷን ደፍታ ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ የወተት ቆርቆሮ አወጣች። ውስጡ ተጠብሶ፣ ደርቆ፣ የተወቀጠ ጉበት ነበር፤ ከሽሮ ዱቄት ጋር ቢደባለቅ ማንም አይለየውም። አሸተትኩት። ዓመት ሙሉ "የእማዬ እጅ" እያልኩ ያመሰገንኩት ጣዕም ይኸው ነው።

በቀዩ ድስት ሠርቼ ለረምዚያ አቀረብኩላት።

"ጨው ረስተሻል" አለች። ቀና ብላ አየችኝ። "ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ።"

"ጭሱ ነው" አልኳት።

እናቴ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆርቆሮውን ፊቷ አስቀመጥኩት። አየችው፤ አልካደችም።

"እግዜር ምስክሬ ነው፣ በጾም አንድ ቀን አላስገደፍኩሽም።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም!"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ባልዲ አንስተሽ ታለከልኪያለሽ፣ ትራስሽ ላይ ፀጉርሽን በየጠዋቱ እለቅማለሁ። ስለምንሽ ወረቀት ትሰጪኛለሽ። አንቺን ቀብሬ ወረቀትሽን ልስቀል?"

"ለረምዚያስ? ለእሷም ታደርጊባታለሽ?"

ክው አለች። "ምን ቆርጦኝ! የእሷ ምንጊዜም ከጾሙ ድስት ነው። የሰው እምነት እነካለሁ እንዴ? ነጅመዲን አምኖኝ ነው ልጁን እዚህ የሚያስበላት።"

"የእሷን አልነካሽም። የኔንስ?"

"የእሷ ሃይማኖት ነው። ያንቺ ምንድን ነው መቅዲዬ? ስሙን ንገሪኝና ልወቀው።"

ለጎረቤት ልጅ የተጠበቀው አደራ ለኔ ያልተጠበቀው ስም ስላልነበረው ብቻ መሆኑ ከጉበቱ ይልቅ አንገበገበኝ። ለብዙ ቀናት ያሰብኩት ይህንኑ ነው፤ እኔ ምን እንደተደረግኩ። ረምዚያ ምን እንደተደረገች ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

እንዲያም ሆኖ በሳምንቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ፒተር የሚባለው የጤና መኮንን የዓይኗን ቆብ ገለበጠ፣ ደም ወሰደ።

"ብረት የለሽም ማለት ይቻላል" አላት። "ታይፎይዱ ጀመረው፣ ምግቡ ጨረሰው።"

"ቅጠል ስለበላሁ ነው?"

"ቅጠል ብቻ እየበሉ ፀጉራቸው የማይነካ ሰዎች አሉ። ምን እንደተውሽ አይደለም ነገሩ፤ በምን እንደተካሽው ነው። ባቄላና ምስር በየቀኑ ትበያለሽ?"

"ሳገኝ።"

"ሻይ ከምግብ ጋር ትጠጫለሽ?"

"የማይጠጣ የሞያሌ ሰው አሳየኝ!"

"የሻዩ ቅጠል ብረቱን ይዞ ያስቀረዋል። ኪኒኑን ውሰጂ፤ ለጊዜው ሥጋም ብዪ። ፀጉሩ ግን ወራት ይፈልጋል።"

የሻዩን ነገር እኔ በፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሙሉ ነጥብም አግኝቼበታለሁ። ወረቀቷ ላይ መጻፍ ግን ትዝ አላለኝም።

ስንወጣ ረምዚያ ክንዴን ያዘች። "አንቺም ሻይ ትጠጫለሽ። ያንቺ እንዴት መጣ ታዲያ?"

በዚያች ቅጽበት ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ሚያዝያ ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረ ቅዳሜ፣ እየተሳሳቅን ከራሴ ሳህን ጠቅልዬ አጉርሻታለሁ። "መድኃኒቱ ይሄ ነው፣ አፍሽን ክፈቺ" ብያት ነበር። ቅዳሜ ነው፤ ጾም አይደለም። የኔ ሳህን ከየትኛው ድስት እንደወጣ አሁን አውቃለሁ።

"ሰው ይለያያል" አልኳት።

ረቡዕ ያወቅኩትን ይዤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ዞርኩ። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ። ጨርቅ አብረን መረጥን፣ የጫማዋን ተረከዝ አስጠገንን።

በሂናው ቀን ከሰዓት በኋላ እነ ነጅመዲን ቤት ስደርስ ግቢው ሴቶች ብቻ ሞልተውታል። ረምዚያ ጓዳ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ሹሩባ ሠሪዋ ሀቢቦ ከኋላዋ ቆማ የተገዛ ፀጉር እየቀጠለችላት ነው። አማቶቹ ገና አልገቡም።

"ነይ፣ ሊቋ" አለች ረምዚያ ሳትዞር። "ሀቢቦ አንድ ተረት ነገረችኝ። ዋሪቱ ነግራታለች። አንድ ድስት ጥቁር፣ አንድ ድስት ቀይ።"

ሀቢቦ ማበጠሪያዋን አስቀምጣ ወጣች።

"እናቴ ናት ረምዚ። እኔ አላወቅኩም ነበር።"

"እናትሽን አልጠየቅኩም። እናትሽ ድስቴን ለይታልኛለች፣ አላህ ይስጣት። አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ረቡዕ።"

"የትኛው ረቡዕ?"

ራሷ አሰበችው።

"ጨው የረሳሽበት ዕለት!" አለች። ድምጿ ከሹክሹክታ አልበለጠም። "ፒተር ጋ ስንሄድ ታውቂ ነበር። ጠይቄሽ ነበር መቅዲ፤ ክንድሽን ይዤ ጠይቄሽ ነበር።"

"አፈርኩ።"

"እኔም አፍሬ ነበር። መሸፈኛዬን አውርጄ ያሳየሁት ላንቺ ነው። ለእናቴ እንኳ አላሳየሁም።" ከፊቷ ያለውን መስተዋት ወደ ግድግዳው አዞረችው። "ፀጉሩ ግዴለም፣ ይበቅላል። ሌላ የደበቅሽኝ አለ?"

አለ። በራፉ ላይ የአማቶቹ እልልታ ተሰማ።

"የለም" አልኳት።

"ባስ፣ በቃ። ሀቢቦን ጥሪልኝ።"

ሰርጉ ላይ አልተገኘሁም፤ አልጠራችኝም፣ አትምጪም አላለችኝም። በሳምንቱ ከጃቢር ጋር ወደ ኢሲዮሎ ሄደች። ከእናቴ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነን፤ የምበላውን ራሴ እሠራለሁ። ቆማ ታየኛለች፣ አንዳንዴ "ምስሩን አብዢው" ትለኛለች። ሌላ አንነጋገርም።

ረመዳን በገባ በሁለተኛው ቀን ስልኬን አነሳሁ። ብዙ ጽፌ አጠፋሁ። ፑኔ፣ የእናቴ ጥፋት፣ የኔ መልካም ሐሳብ፤ ሁሉንም አጠፋሁትና በላቲን ፊደል ይህችን አስቀረሁ፦

"ረምዚ፣ ዋሽቼሻለሁ፣ ሌላም አለ። ሚያዝያ ላይ ከራሴ ሳህን አጉርሼሻለሁ። ጉበት ነበረበት። አንቺ አታውቂም፣ እኔም ያን ቀን አላወቅኩም። በኋላ ግን አውቄ ደበቅኩሽ። መቅዲ።"

ላክሁት። መድረሱን የምታሳየው ትንሽ ምልክት ወዲያው መጣች። ከረምዚያ ግን እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።