ዛሬ ተቆፍሮ ዛሬ የሚደፈን

የማዘጋጃ ቤት ባልደረቦቿ «ጉንዳን» ይሏታል፤ አንዴ ከነከሰች አትለቅም ለማለት ነው። ሥራዋ አዲሱ የፍሳሽ መስመር የሚያልፍባቸውን ግቢዎች ባለቤቶች ማስማማት ነበር። መሬቱ የባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል፤ ቱቦው ከሥር ያልፋል፤ በላዩ ላይ ብቻ ቤት አይሠራበትም። ነገሩ ይኸው ነው። ሰው ግን ግቢህ ሊቆፈር ነው ሲሉት ይሰጋል።

ከዳገቱ እስከ ታችኛው ሰፈር ያሉት ሁሉ ፈርመው አንድ አዛውንት ብቻ ቀሩ፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር። ሰፈሩ «ፍሬን» ይላቸዋል። ግቢያቸው መሀል ላይ ስለሆነ እሳቸውን ዘሎ የሚሄድ ቱቦ የለም። ታችኛው ሰፈር ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር የመጸዳጃ ጉድጓዱ እየሞላ ፍሳሹ መኝታ ቤት ድረስ ይዘልቃል። አምና ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ታቅፋ ጠረጴዛ ላይ ነው የዋለችው።

ጉንዳን በተመላለሰች ቁጥር ሽማግሌው በሩን ገርበብ አድርገው፣ «አልፈርምም አልኩሽ እኮ ልጄ፤ ስንቴ ልንገርሽ?» ይሏታል።

አንድ ቀን ሲያካፋ ባለቤታቸው ከውስጥ ተጣሩ። «ኧረ ልጅቷን አስገባት! ሰው በዝናብ ደጅ ይቆማል እንዴ?»

ገባች። እማማ በምርኩዝ እያነከሱ ወንበር ሳቡላት።

«እግርዎን ምን ሆነው ነው እማማ?»

ሽማግሌው ቀደሟቸው። «የእናንተው ሥራ ነዋ! የውሃ ቱቦ እንቀብራለን ብለው ግቢዬን ቆፈሩት። ነገ እንደፍነዋለን አሉ። ነገ ነገ ሲሉ ወር አለፈ። እሷ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ገባችበት፤ ዳሌዋ ተሰበረ። አሁን ደግሞ ፈርም ትይኛለሽ?»

ጉንዳን ስለ ሕጉም ስለ ካሳውም መልስ ይዛ ነበር የመጣችው። የያዘችውን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«አባባ፣ ዛሬ ተቆፍሮ ዛሬ ቢደፈንስ?» አለች በመጨረሻ።

«ማን አይቶት ያውቃል?»

«ካልተደፈነ እኔ እዚሁ ጉድጓዱ አፍ ላይ አድራለሁ።»

እማማ ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቁም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ሄደሽ አስቢበት።»

ቢሮ ስትመለስ የመስመሩ ኢንጂነር በጄ አላለም። «ለአንድ ሽማግሌ ብለን ፕሮግራም አንቀይርም። ፍርድ ቤት እንሂድ።»

«ፍርድ ቤት እስኪወስን ክረምቱ ይገባል። ታችኛው ሰፈር ዘንድሮም ይዋኝ?»

ምሳ ላይ ተከተለችው፤ ደረጃው ላይ ጠበቀችው፤ መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። «እሺ፣ በቃ ልቀቂኝ!» አለ እየሳቀ። መስመሩን ከእማማ ጎመን መደብ አርቆ ወደ አጥሩ አስጠጋው። ጉድጓዱም በተቆፈረበት ቀን እንዲደፈን ተስማማ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ሁለቴ ወልውለው ፈረሙ።

የቁፋሮው ቀን በማለዳ ቱቦው ተደርድሮ ማሽኑ ሥራ ጀመረ። ከቀትር በኋላ ግን ቋጥኝ ገጠመው፤ ጥርሱ ብልጭታ እየረጨ ተንሸራተተ። ኢንጂነሩ ላቡን ጠረገ። «እንግዲህ ነገ መስበሪያ አምጥተን…»

«ያቺን ‹ነገ› እዚህ ግቢ እንዳትደግማት!» አለች ጉንዳን፣ ሽማግሌውን በዓይኗ እያየች። ሽማግሌው በረንዳው ላይ ፊታቸውን አጥቁረው ቆመዋል።

ቁልቁል ወደ ታችኛው ሰፈር ሮጠች። ስትመለስ ብቻዋን አልነበረችም። ግንበኛው መዶሻውን፣ ብረት በያጁ መሮውን፣ ልብስ ሰፊዋ ሳይቀር አካፋ ይዛ ዳገቱን ወጡ። እየተፈራረቁ ቋጥኙን ይቀጠቅጡት ጀመር። አልሰበር አለ። ይሄኔ ሽማግሌው ኮታቸውን አውልቀው ለባለቤታቸው ሰጡና ጉድጓዱ ውስጥ ወረዱ።

«ልጆች፣ ድንጋይ እንዲህ ይመታል እንዴ? መሮውን ወዲህ በሉ!»

«ፍሬን በጠሰ!» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌውም መሮውን እንደያዙ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ደግመው ደጋግመው መቱ። ቋጥኙ ጓ! ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

ቱቦው ገባ፤ አፈሩ ተመለሰ፤ ተደለደለ፤ ተጠቀጠቀ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። እማማ ወጥተው በምርኩዛቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉና፣ «ጠንካራ ነው» አሉ። ሽማግሌው የጉንዳንን አቧራማ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ እሷም ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ክረምቱ እንደ ልማዱ አጓርቶ ገባ። ከመጀመሪያው ዶፍ በኋላ ታችኛው ሰፈር ሁሉ የአዲሱን መስመር ማንሆል ክዳን ከፍቶ ጎንበስ አለ። መጀመሪያ ዝም። ከዚያ ከሥር ሿ የሚል ድምፅ መጣ፤ የዳገቱ ፍሳሽ ሁሉ ማንንም ሳይነካ ወደ ታች ሲጋልብ ተሰማ።

«አለፈ!» አለ ኢንጂነሩ እንደ ሕፃን እየዘለለ።

መንገዱ በእልልታ ቀለጠ። ልብስ ሰፊዋ ጉንዳንን ከመሬት አነሳቻት፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። ከዚያ ሰፈር የማዘጋጃ ቤት ሰው ተባርሮ ይወጣ ነበር እንጂ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ሲወጣ የዚያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።