ደወሉን ማን ነካው?

ባሌ «አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» እያለ ያሾፍብኛል። ይሹፍ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ሥራ ነው። በአንድ መድኃኒት ማከፋፈያ ውስጥ የሊኑክስ ሰርቨሮቹን፣ ሥራው ሁሉ የሚሄድባቸውን ዋና ኮምፒውተሮች፣ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ክትባት የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ከስምንት ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ደወል የሚያስጮኸው ፕሮግራም ያለውም እነሱ ላይ ነው። ያቺን ስምንት ቁጥር የፕሮግራሙ ቅንብር በሚጻፍበት ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የጻፍኳት በገዛ እጄ ነው።

አንድ ዝምተኛ ሰው ለሙከራ ተቀጥሮ አጠገቤ ሲቀመጥ ገና ከጅምሩ አልጣመኝም። ሰላምታ እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚሰጠው። በዚያ ላይ የመጣው ከተፎካካሪያችን ቤት ነው። ስለዚህ ቀዳዳ ሁሉ ልድፈንበት ብዬ የይለፍ ቃሎቹን ቀየርኩ፤ ጠዋት ጠዋትም አዲስ የወጣ ፓኬጅ፣ የፕሮግራም ማሻሻያ ማለት ነው፣ ሁሉ መጫን ጀመርኩ። ጫኙ ፕሮግራም በየመሀሉ እየቆመ በጥያቄ ስለሚያደርቀኝ፣ ለሁሉም «እሺ፣ አዲሱን አስገባ» ብሎ እንዲያልፍ አደረግኩት።

ብዙም ሳይቆይ ፋይሉን ስከፍት ስምንቷ ሃያ አምስት ሆናለች። አስተካከልኩ። ከቀናት በኋላ ተመልሳ ሃያ አምስት። ክትባቱ ቢበላሽ ደወሉ ትንፍሽ አይልም ማለት ነው። ደሜ ፈላ። ሰውዬውን በዓይኔ ቁራኛ ያዝኩት፤ ወደ ሰርቨሩ ሲገባ ግን አንድም ቀን አልያዝኩትም። ይህም ተንኮሉን የባሰ አጎላብኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰው የደወሉን ቁጥር እየነካካ ነው፤ ጉድ ሳይሠራን በጊዜ ይሂድ» አልኩት አለቃችንን።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እንደ ስሜ።»

በዚያው ከሰዓት ተሰናበተ። በሩ ላይ ቆም ብሎ አየኝና የሆነ ነገር ሊናገር ከጅሎ ተወው። እኔ ግን እፎይ አልኩ፤ እንዲያውም ደስ አለኝ።

በማግስቱ ስምንቷን መለስኩ፣ እንደ ልማዴ የመጣውን ፓኬጅ ጫንኩና ፋይሉን ከፈትኩ። ሃያ አምስት! የአጠገቤ ወንበር ባዶ ነው። የፕሮግራሙን የቀድሞ እትም መልሼ፣ ስምንቷን ጽፌ፣ «ለሁሉም እሺ» የሚለውን አንስቼ እንደገና ጫንኩ። አሁን ጫኙ መሀል ላይ ቆሞ ጠየቀኝ፦ ይህን ፋይል ቀይረሽዋል፤ ያንቺ ይቆይ ወይስ ከፓኬጁ ጋር የመጣው ይተካው? ከፓኬጁ ጋር በመጣው ላይ ሃያ አምስት ተጽፏል።

ለተሰናበተው ሰው ስልክ ደውዬ የሆነውን ነገርኩት።

«ምክንያቱ ገብቶኝ ነበር እህቴ» አለኝ በዚያው ሹክሹክታው። «ልነግርሽ ወንበሬን ባስጠጋሁ ቁጥር ላፕቶፕሽን ትከድኛለሽ።»

«ለጋሼስ አትነግረውም ነበር?»

«ነገርኩት እኮ። እሷ እርግጠኛ ነች አለኝ።»

አለቃችን ቢሮ ገባሁ።

«ደግሞ ዛሬ ደወሉን ማን ነካው?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። በፊትም እኔው ነበርኩ።»

መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።